«አርጅቷል» ከማለታችን በፊት፦ ስለ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የተሳሳቱ አመለካከቶች

በፍርድ ቤቶችና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አካባቢ ማመልከቻ የሚጻፍባቸው፣ ፎቶ ኮፒ የሚነሣባቸው ጠባብ ቤቶች ሞልተዋል። በብዙዎቹ ጠረጴዛ ሥር አንድ ጥቁር ሣጥን ይታያል፤ በውጭ አገር መሥሪያ ቤት አገልግሎ የመጣ ዴል ወይም ኤችፒ ዴስክቶፕ። ጸሐፊዋ ጠዋት ትከፍተውና ሌላ ሥራ ትሠራለች፤ ስትመለስም ገና አልተዘጋጀም። ምን ሆኖ እንደሆነ ብትጠይቋት «አርጅቷል፤ ምን ይደረግ?» ትላችኋለች።

ይህ መልስ ያሳስበኛል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ኮምፒውተር ከነመለዋወጫው በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነውና አዲስ መግዛት ለተማሪም ሆነ ለትንሽ ነጋዴ ከባድ ሆኗል። በእጅ ያለውን ማሻሻል የሚገባን ጊዜ ላይ ነን። ችግሩ ግን በዚህ ጉዳይ የሚነገረው ምክር ግማሹ ስሕተት መሆኑ ነው፤ በስሕተት ምክር የሚወጣ ብር ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት አንድ ምሳሌ ልያዝ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 በዓለም ዙሪያ ቢሮዎች በብዛት የሠራ ኮምፒውተር ነው። ኮር አይ 5-3470 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ሆኖ እናስበው።

አመለካከት 1፦ «ከዘገየ አርጅቷል ማለት ነው»

እውነታው፦ ኮምፒውተር ሁሉም ክፍሉ እኩል አያረጅም። ከላይ የጠቀስኩት ፕሮሰሰር አራት ኮር አለው፤ ለጽሕፈት፣ ለኤክሴል፣ ለኢንተርኔትና ለቪዲዮ ዛሬም አያንስም። የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል ነው፤ ሌሎቹ እሱን ሲጠብቁ ይውላሉ።

ያንን ክፍል ለማወቅ ምንም ወጪ የለውም። ኮምፒውተሩ በተጨናነቀበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ በውስጡ ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው (ራሙ)ና ዲስኩ በመቶኛ ስንት እየሠሩ እንደሆነ ይታያል። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ቆሞ ፕሮሰሰሩ 15 በመቶ ከሆነ፣ ፕሮሰሰር መግዛት ሆዱን ላመመው ሰው የዐይን መድኃኒት እንደመስጠት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? እዚህ በሽታው አልተደበቀም፤ አልጠየቅነውም እንጂ።

አመለካከት 2፦ «ፎርማት ቢደረግ እንደ አዲስ ይሆናል»

እውነታው፦ ፎርማት የሚጠቅመው በቫይረስ ወይም ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው በሚነሡ አላስፈላጊ ፕሮግራሞች ለታፈነ ኮምፒውተር ነው። ዲስኩ ራሱ ቀርፋፋ ከሆነ ወይም መበላሸት ከጀመረ ግን ነገሩ አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ይሻላል፣ ከዚያ እንደነበረው ይሆናል።

አደጋም አለው። ፋይሉ ሌላ ቦታ ሳይገለበጥ ፎርማት ተደርጎ የልጆቹን የልጅነት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የደንበኞቹን ሰነድ ያጣ ሰው ብዙ ነው። ከፎርማት በፊት ሁለት ነገር አድርጉ፦ ፋይላችሁን በሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራምም የዲስኩን ጤና እዩ። ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ካሳየ የሚያስፈልገው ዲስኩን መለወጥ ነው።

አመለካከት 3፦ «ኤስኤስዲ ለአዲስ ኮምፒውተር እንጂ ለአሮጌ አይሆንም»

እውነታው፦ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ስሕተት ነው። በሃርድ ዲስክ ፋንታ ከሚገባው ኤስኤስዲ ይበልጥ የሚጠቀመው አሮጌው ኮምፒውተር ነው።

ምክንያቱ በሃርድ ዲስክ አሠራር ውስጥ አለ። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን ነው፤ አንድ ዙር ለመዞር 8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አንዲት ትንሽ ፋይል ሲፈለግ አንባቢው ክንድ ወደ ቦታው መሄድ፣ ሳሕኑም እስኪዞር መጠበቅ አለበት፤ በድምሩ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ። ስለዚህ በሰከንድ ማንሣት የሚችለው ከዚህም ከዚያም የተበተነ ፋይል 100 ገደማ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ይፈለጋሉ። የጸሐፊዋ ጠዋት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም፤ ፋይሉን በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ያገኘዋል።

«ማዘርቦርዱ አሮጌ ስለሆነ ፍጥነቱን አይችለውም» የሚሉ አሉ። የ7010 ማዘርቦርድ ሳታ 3 የተባለው መሰኪያ አለው፤ በሰከንድ እስከ 600 ሜጋባይት ያሳልፋል። ከዚያ ያረጀው ሳታ 2 እንኳ 300 ያሳልፋል። ልዩነቱ የሚታየው ትልልቅ ቪዲዮ ስትገለብጡ ነው፤ በዕለት ሥራ የምታተርፉት ፍለጋው የሚፈጀውን ጊዜ ነው፣ ይህ ትርፍ ደግሞ በሁለቱም መሰኪያዎች ላይ ይገኛል።

«ቶሎ ያልቃል» የሚለውም ስጋት በቁጥር ሲመረመር ይቀላል። ኪንግስተን ኤ400 የተባለውን ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አምራቹ እስከ 80 ቴራባይት እንዲጻፍበት አስልቶታል። በየቀኑ 20 ጊጋባይት ብትጽፉበት 11 ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ማመልከቻ የሚጻፍበት ኮምፒውተር ያን ያህል አይጽፍም። ይህ ማለት ግን አይበላሽም ማለት አይደለም፤ ሲበላሽም ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱንና ፕሮግራሞቹን ኤስኤስዲው ላይ ጫኑ፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ የፋይል ግልባጭ ማስቀመጫ ይሁን።

ስትገዙ ተጠንቀቁ። ሁለት ቴራባይት ተብሎ ለማመን በሚያዳግት ርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ኤስኤስዲ ብዙውን ጊዜ ሐሰተኛ ነው፤ ሲሰካ ሁለት ቴራባይት ያሳያል፣ ሲሞላ ግን ፋይል ይበላል። ኤች 2 ቴስት ደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ አንብቦ እውነቱን ይነግራችኋል። የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ሞክሩት።

አመለካከት 4፦ «ዋናው ራም ነው፤ በጨመርክ ቁጥር ይፈጥናል»

እውነታው፦ ራም ሲጎድል ይገድላል፣ ሲተርፍ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። አሥር ኩንታል እህል ያለው ገበሬ ጎተራውን እጥፍ ቢያሰፋ እህሉ አይጨምርም። በ4 ጊጋባይት ዊንዶውስ 10ን ከፍቶ በክሮም ብዙ ገጽ መክፈት ያስጨንቃል፤ ወደ 8 ሲያድግ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከ8 ወደ 16 መሄድ ግን ለጽሕፈት ሥራ የሚሰማ ነገር የለውም፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ትልቅ ዲዛይን ለሚሠራ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ 16 ብትጨምሩለትም አያየውም። ሁለተኛ፣ ዲዲአር 3 የተባለው ራም በዲዲአር 4 መሰኪያ አይገባም፤ ዐይነቱን ከላዩ ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ «ፒሲ 3» ወይም «ፒሲ 4» ከሚለው ታውቁታላችሁ። የሚሻለው አሮጌውን ራም ነቅላችሁ ይዛችሁ ወደ ሱቅ መሄድ ነው። ሦስተኛ፣ በርካሽ የሚሸጥ የሰርቨር ራም አለ፤ መልኩ ቢመሳሰልም እንዲህ ባለ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም። ደግሞም አንድ ባለ 8 ከመግዛት ሁለት ተመሳሳይ ባለ 4 መሰካት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያነብ መንገዱ እጥፍ ይሰፋል።

አመለካከት 5፦ «አይ 7 ከሆነ ከአይ 3 ይበልጣል»

እውነታው፦ ስሙ የሚያወዳድረው በአንድ ዘመን የወጡትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ 7-2600 እና በ2022 የወጣው አይ 3-12100 ሁለቱም አራት ኮር አላቸው፤ አይ 3ቱ ግን በአቅም ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል፣ የሚበላውም ኃይል ያንሳል። ትውልዱን የሚነግራችሁ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፦ 3470 ሦስተኛ ትውልድ፣ 12100 ዐሥራ ሁለተኛ። «አይ 7 ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን ነጋዴ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ጠይቁት።

ፕሮሰሰር መለወጥ ብትፈልጉም መቀመጫው ይወስናል። 7010 የሚቀበለው 1155 በተባለው ሶኬት የሚገቡትን ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጡት አራተኛ ትውልዶች 1150 በተባለው ስለሚቀመጡ አይገቡም።

አመለካከት 6፦ «ግራፊክስ ካርድ ቢገባለት ሁሉን ይችላል»

እውነታው፦ ጌም ለማይጫወትና ቪዲዮ ለማያቀናብር ሰው ካርዱ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። ለሚፈልገውም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የቀጭኑ 7010 ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ብቻ ነው፤ ቁመቱ አጭር ካልሆነ ካርዱ ራሱ ሣጥኑ ውስጥ አይገባም። ማዘርቦርዱ በመሰኪያው በኩል ለካርድ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ የራሱ ገመድ ያሻዋል። እንደ ጂቲ 1030 ያለው በ30 ዋት ስለሚሠራ ይችላል።

ከፓወር ሰፕላይ ሳንወጣ፦ ከአሜሪካ በመጡ አንዳንድ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ የቮልት መቀየሪያ አለ። 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ከመሰካታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩት።

አመለካከት 7፦ «የሚጮኸውም ቀኑን የሚረሳውም ስላለቀለት ነው»

እውነታው፦ ማራገቢያው የሚጮኸው ሙቀት መቋቋም ሲያቅተው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። አቧራው ሲጨመርበትና በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት ሲደርቅ፣ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ገመዱን ነቅሎ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳትና ፔስቱን ማደስ በጥቂት ብር የሚያልቅ ሥራ ነው።

በየቀኑ ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነም ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ቀኑ ሲሳሳት ብዙ ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብለው አይከፈቱም፤ ሰውም ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያስደርጋል። ባትሪዋን መለወጥ በቂ ነው።

አመለካከት 8፦ «ዊንዶውስ 10 ካበቃ ኮምፒውተሩም አበቃ»

እውነታው፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል በኩልም በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው የሚቀበለው፤ ስለዚህ 7010 ከመስፈርቱ ውጭ ነው። ኮምፒውተሩ ግን መሥራቱን አላቆመም። ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። መጀመሪያ በፍላሽ አስነሥታችሁ ሳትጭኑት ሞክሩት። ሥራችሁ ለዊንዶውስ ብቻ በተሠራ ፕሮግራም ወይም በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ላይ ከሆነ ግን ሰነዱ በትክክል መነበቡን ሳታረጋግጡ አትለውጡ።

ታዲያ ብሩ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ?

መጀመሪያ ያለ ብር የሚሠራውን ሥሩ፦ ታስክ ማናጀርን እዩ፣ የዲስኩን ጤና መርምሩ፣ ፋይላችሁን ገልብጡ። ቀጥሎ በጥቂት ብር የሚሆነውን፦ ጽዳት፣ ቴርማል ፔስት፣ ባትሪ። ከዚያ ኤስኤስዲ። ከዚያ ራሙ 4 ከሆነ ወደ 8። ለአብዛኛው ሰው ጉዞው እዚህ ያበቃል። ማዘርቦርዱ ከተበላሸ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ገና በዲዲአር 2 ዘመን የተሠራ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አትጨምሩበት፤ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ያገለገለ ኮምፒውተር ይሻላችኋል። ዲስኩ ሳታ ኤስኤስዲ ከሆነ ነቅላችሁ ወደዚያ መውሰድ ትችላላችሁና እሱ ላይ ያወጣችሁት አይጠፋም።

ያቺ ጸሐፊ የሚያስፈልጋት አዲስ ኮምፒውተር ላይሆን ይችላል። የሚያስፈልጋት አንድ ኤስኤስዲ፣ የግማሽ ቀን ሥራና «ምኑ ነው የዘገየው?» ብሎ የሚጠይቅላት ሰው ነው። የመጨረሻውን እያንዳንዳችን ልንሆንላት እንችላለን።