ጥልቀት የማይሻ ጀልባ

ክረምት ሲገባ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ወንዙ ሁሉ ይሞላል፤ ጀልባ ግን አይታይበትም። ለዚህ ቶሎ የሚሰጠው ምክንያት የውሃው ማነስ ነው። ምክንያቱ ግን ቁልቁለቱ ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የተራሮቹ ውሃ በገደልና በቋጥኝ መሀል ወደ ተከዜ ይወረወራል፤ እንዲህ ያለውን ውሃ የሚችል የጭነት ጀልባ የለም። ያው ውሃ ሜዳ ላይ ቢተኛ ኖሮ ጉልበት እንኳ ባይደርስ ጭነት ያሻግር ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ተንሳፋፊ ነገር የሚሰምጠው የክብደቱን ያህል ውሃ እስኪገፋ ድረስ ብቻ ነው። ሦስት ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ወለል ያለው ጀልባ ከቀዛፊውና ከአንድ ኩንታል ጤፍ ጋር 300 ኪሎ ቢመዝን፣ የሚሰምጠው 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ሆዱ ሹል የሆነ ጀልባ በዚያው ጭነት እጅግ ጠልቆ ይገባል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ከጎንደር ወደ ደቡብ ሲወረድ የደንቢያ ሜዳ ከጣና ጋር ይገናኛል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሆኖ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ዳርቻው ደግሞ ደለልና ደንገል ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከዚያው ደንገል የሚሠሩት ታንኳ ለዚህ ዳርቻ የተበጀ ነው፤ ሆዱ ሰፊ ነው፣ የሚንሳፈፈውም በራሱ በደንገሉ ስለሆነ ቢነድሉት እንኳ እንደ እንጨት ጀልባ ሞልቶ አይሰምጥም። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 አትላንቲክን ሊያቋርጥባቸው ያሠራቸው «ራ» የተባሉ ጀልባዎች ደንገል የተቆረጠው ከጣና ነበር፤ ሁለተኛው ባርቤዶስ ደርሷል።

ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከተጠቀሙበት በኋላ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፣ ዕድሜውም አጭር ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ይህ የደንገሉ ጉድለት እንጂ የቅርጹ አይደለም፤ በሳንቃ ወይም በቆርቆሮ የተሠራ ጠፍጣፋ ጀልባ ከዚህ ይድናል። ከበድ ያለው ተቃውሞ የማዕበል ነው። ጠፍጣፋ ወለል በሞገድ ይደበደባል፣ ነፋስም ወደ ጎን ይገፋዋል። ታንኳ ቀዛፊም ዳር ዳሩን የሚይዘው በፍርሃት ሳይሆን በስሌት ነው። ሞተር ጀልባ መሀሉን ይውሰድ፤ ደለል ላይ ግን መዘውሩ ከሆዱ በታች ስለሚሽከረከር ቀድሞ የሚያዘው እሱ ነው።

ከተራሮቹ በስተምሥራቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ባለው የተከዜ ግድብ ኋላ፣ የወንዙ ውሃ ዛሬ ሐይቅ ሆኖ ተኝቷል። እዚያ ቁልቁለቱ ቀርቷል፤ ነገር ግን ገደሉ ከነጥልቀቱ ውሃ ስር ስለሆነ፣ የጠፍጣፋው ጀልባ ብልጫ እዚያ የሚፈለግ አይደለም።