መኪናዎ ሰው አገር ቢቆምስ?

ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ፣ በሞያሌ ተሻግሮ ናይሮቢ ድረስ መንዳት ያጓጓል። ጎማውን አስፈትሸዋል፣ ዘይት ቀይረዋል፣ ለኬንያው የግራ መስመርም ራስዎን አዘጋጅተዋል። ግን ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ማርሳቢት ሳይደርሱ፣ ዲዳ ገልገሉ በሚባለው ጥቁር ድንጋይ የለበሰ ሜዳ ላይ መኪናው ቢቆም ማን ጋ ይደውላሉ?

«አምራቹ ጋ ነዋ! ናይሮቢ ወኪል አለው» ይሉ ይሆናል። አርማው አንድ ነው፤ ቤቱ ግን ብዙ ነው። በየአገሩ ያለው ወኪል አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው፤ ዋስትናውም ለዚያ ገበያ ለተሸጠ መኪና ነው። መኪናዎ ከዱባይ ወይም ከቻይና በግል አስመጪ የገባ ከሆነማ፣ እንኳን የናይሮቢው የአዲስ አበባው ወኪልም «የእኛ አይደለም» ሊልዎት ይችላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ቢደውሉ «የአካባቢዎን ወኪል ያነጋግሩ» ይባላሉ። ልጆች ከኋላ ወንበር ውሃ እየጠየቁ ይህን ምልልስ አስቡት!

በኤሌክትሪክ መኪና ይብሳል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ከተማችን በእነሱ ተሞልታለች። ብዙዎቹ ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ የስክሪኑ ጽሑፍ ቻይንኛ፣ የቻርጅ መሰኪያውም የቻይና ነው። ሲበላሹ እንደ ድሮው በገመድ መጎተት የለም። መኪናውን የሚያንቀሳቅሱት ጎማዎች መሬት እየነኩ ከተጎተተ ሞተሩ ሊበላሽ ስለሚችል፣ በሎቤድ ተጭኖ መሄድ አለበት። ሎቤዱን ማርሳቢት መንገድ ላይ መፈለግ የእርስዎ ፋንታ ነው፤ ሒሳቡም እንዲሁ።

«ቢጫ ካርድ አለኝ» የሚሉም አይጠፉም። ድንበር ሲሻገሩ የሚይዙት የኮሜሳ ቢጫ ካርድ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት የሚሆን የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ለተቃጠለ ሞተር አንድ ሳንቲም አይከፍልም።

ስለዚህ ከመነሳትዎ ከሁለት ሳምንት በፊት 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ለናይሮቢው ወኪል በኢሜይል ይላኩ። ይህን መኪና ትቀበላላችሁ? መለዋወጫ አላችሁ? ከፋዩስ ማን ነው? ብለው ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በስልክ የተባለ ነገር ችግር ሲመጣ ባለቤት የለውም። የዋስትና ደብተርዎንም ገልጠው የትኞቹን አገሮች እንደሚሸፍን ያንብቡ። ብዙ ሰው ደብተሩን ከነላስቲኩ ኪስ ውስጥ ጥሎት ነው የሚዞረው።

ሌላው የሚረሳ ጉዳይ የኬንያ ጉምሩክ ነው። መኪናዎ የሚገባው በጊዜያዊ ፈቃድ ስለሆነ፣ ጋራዥ ቆሞ መለዋወጫ ሲጠብቅ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል። ቀኑ ሳያልፍ ሄደው እንዲራዘምልዎ ይጠይቁ።

ወኪሉ መልስ ካልሰጠዎት መኪናዎን ቤት ያቁሙት። ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ እዚያው መኪና ይከራዩ። ያኔ ቢቆም የሚጨነቀው አከራዩ ነው።