ትምህርቱ ነፃ ነው፤ የቤት ኪራዩንስ ማን ይከፍላል?

ከዴንቨር ኮልፋክስ ጎዳናን ይዞ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ዮሴሚቲ ጎዳናን ሲሻገር ኦሮራ ይገባል። በ2025 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የሰዓት ክፍያ ልዩነት 4 ዶላር ነበር። በዴንቨር በኩል ዝቅተኛው ክፍያ 18 ዶላር ከ81 ሳንቲም ሲሆን፣ የክፍለ ግዛቱን ወለል በምትከተለው ኦሮራ 14 ዶላር ከ81 ሳንቲም ነበር። ሐበሻው በሁለቱም በኩል አለ፤ በግሮሰሪ፣ በነዳጅ ማደያ፣ በኤርፖርቱ ሱቆች ካሸር ሆኖ ቆሞ ይውላል። ከዚያ ወጥቶ ሙያ መያዝ የሚመኘው ብዙ ነው። በምን ገንዘብ የሚለው ጥያቄ ግን በዴንቨር ከመቶ ዓመት በላይ ሲነሳ ቆይቷል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ኦሮራ ውስጥ በዝቅተኛው ክፍያ በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠራ ካሸር 16ቱን ሰዓት ለክፍል ብትለቅ፣ በ15 ሳምንት ሴሚስተር ከ3,550 ዶላር በላይ ደመወዝ ይቀርባታል። ይህ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በነፃ ቢሰጣት እንኳ የምታጣው ገንዘብ ነው። የመንግሥት እርዳታ በአብዛኛው የተቀረፀው የትምህርት ክፍያን ለመሸፈን ነው፤ ለቤት ኪራይ፣ ለልጅ ጥበቃና ለጎደለው ሺፍት የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ይህን ቀድማ የተረዳችው ኤሚሊ ግሪፊዝ የምትባል የዴንቨር መምህርት ነበረች። በ1916 የከፈተችው ኦፖርቹኒቲ ስኩል አዋቂዎችን በነፃ ይቀበል ነበር። ተማሪው ሥራው በፈቀደለት ሰዓት እንዲመጣ በሩ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነበር። አንድ ተማሪ በረሃብ ራሱን ስቶ በወደቀ ጊዜ ደግሞ ለተማሪዎች ሾርባ ማቅረብ ተጀመረ። ስሟን የያዘው ኤሚሊ ግሪፊዝ ቴክኒካል ኮሌጅ ዛሬም ዴንቨር መሀል እንግሊዝኛና ሙያ ያስተምራል። ከእሷ በኋላ የመጡት ሕጎች ክፍሉን አስፋፍተዋል፤ ሾርባውን ግን አብዛኞቹ ረስተዋል።

ዋሽንግተን ትልቁን የሰው ኃይል ሥልጠና ሕግ ያወጣችው በ1962 ነው። ሕጉ በ1973፣ በ1982 እና በ1998 ተተክቶ፣ አሁን የሚሠራው የ2014ቱ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት እንደ አራፓሆ/ዳግላስ ወርክስ ያሉ የሥራ ማዕከሎች የሥልጠና ክፍያ ይሸፍናሉ፤ ትምህርት ቤቱ ግን በጸደቀው ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት። ሕጉ ለትራንስፖርትና ለልጅ ጥበቃ መርዳትንም ስለሚፈቅድ፣ የሚመዘገብ ሰው ይህንንም ጨምሮ ቢጠይቅ መልካም ነው። ለሰው ኑሮ ጭምር ያሰበ ሥልጠና ምን ያህል እንደሚያራምድ የታየው ቴክሳስ ውስጥ ነው። በ1990 የሊቫይስ ፋብሪካ ሳን አንቶኒዮ ላይ ሲዘጋ፣ የከተማዋ ነዋሪዎች ታግለው በ1992 ፕሮጀክት ክዌስትን አቋቋሙ። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አማካሪ ይመደብለታል፤ በትራንስፖርትና በልጅ ጥበቃም ይደገፋል። ተመራማሪዎች ሠልጣኞቹን ዕጣው ካልወጣላቸው አመልካቾች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የገቢው ብልጫ ለዓመታት ዘልቆ አገኙት።

ኮሎራዶ በቅርቡ ለጋስ ሆና ነበር። በ2022 ኬር ፎርዋርድ ኮሎራዶ በ26 ሚሊዮን ዶላር የፌዴራል የኮቪድ ገንዘብ ተጀመረ፤ ነርስ ኤይድ፣ ደም ቀጂ፣ የሕክምና ረዳት፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት ለመሆን የሚያበቁ አጫጭር ኮርሶች በኮሚኒቲና በቴክኒካል ኮሌጆች በነፃ ተሰጡ። በሚቀጥለው ዓመት ካሪየር አድቫንስ ኮሎራዶ 38.6 ሚሊዮን ዶላር ይዞ መጣ፤ ኮንስትራክሽንን፣ ነርሲንግን፣ የሕፃናት መምህርነትን፣ እሳት አደጋንና ፖሊስነትን ጨመረ። ሁለቱም የቆሙት ለአንድ ጊዜ በተመደበ ገንዘብ ላይ ነው። ልጇ ትንሽ ከፍ እስኪል አንድ ዓመት የጠበቀች እናት ስትመጣ ገንዘቡ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። በ2024 የጸደቀው ኮሎራዶ ፕሮሚስ ደግሞ ገቢው ከ90,000 ዶላር የማይበልጥ ቤተሰብ ልጅ የከፈለውን የሁለት ዓመት የኮሌጅ ክፍያ በታክስ በኩል ይመልሳል፤ ግን ተማሪው ከኮሎራዶ ሃይስኩል በጨረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ኮሌጅ የገባ መሆን አለበት። ልጆቻችን ይጠቀሙበታል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ወላጅ ግን ከውጭ ይቀራል።

የሺፍቱም ጉዳይ ፖለቲካ ነው። በ2023 ለኮሎራዶ ምክር ቤት የቀረበ ረቂቅ፣ ትልልቅ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የሥራ ፕሮግራሙን ከ14 ቀን በፊት ለሠራተኛው እንዲያሳውቁ ሊያስገድድ ነበር። ሳያልፍ ቀረ። ኦሪገን ግን ተመሳሳይ ሕግ በ2017 አጽድቃለች። ለተማሪ ይህ ሕግ ትልቅ ነገር ነው፤ ማክሰኞ ማታ ትሠራ አትሠራ እሑድ የምታውቅ ሴት የማክሰኞ ማታ ክፍል መመዝገብ አትችልም።

እኛን በተለይ የሚመታው ግን ሌላ አንቀጽ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል እርዳታ፣ የማይመለስና በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የሚደርስ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም። ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም፣ እዚህ አሠሪ ባይቀበለውም እንኳ ያው ነው። ባሕር ዳር በአካውንቲንግ ተመርቆ፣ ዲቪ ደርሶት መጥቶ፣ ግሮሰሪ ውስጥ ዕቃ የሚደረድር ሰው ወረቀቱ አላስቀጠረውም፤ እርዳታውን ግን ከለከለው። ይህ ፍትሕ የጎደለው ነው፤ ለዓመታትም ብዙ ሰው ሎን ውስጥ ሲገባ ኖሯል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ8 ሳምንት ለማያንሱና 15 ሳምንት ለማይሞሉ ሥልጠናዎች ወርክፎርስ ፔልን ሲያቋቁም፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውንም አስገብቷል። ትምህርት ቤቱ ግን ከተማሪዎቹ 70 በመቶውን ማስጨረስና 70 በመቶውን ሥራ ማስያዝ ይጠበቅበታል።

ይህ መስፈርት ያለ ምክንያት አልመጣም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዴንቨር አካባቢ የነበረው ዌስትውድ ኮሌጅ በ2016 ተዘጋ፤ በ2022 የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎቹ ተታለዋል ብሎ የ79,000 ሰዎችን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሰረዘ። በ2023 ደግሞ የኮሎራዶው ኮሌጅአሜሪካ 7,400 ተማሪዎች 130 ሚሊዮን ዶላር ተሰረዘላቸው። በማስታወቂያ የሚያባብል፣ በአንድ ቀን የሚመዘግብና ሎኑን በራሱ ሞልቶ የሚያስፈርም ትምህርት ቤት ሲያጋጥም፣ ኦሮራ ያለውን ፒከንስ ቴክኒካል ኮሌጅ ወይም ኮሚኒቲ ኮሌጅ ኦፍ ኦሮራን ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉ የተሻለው ግን እየከፈለ የሚያስተምር ነው። ኤሌክትሪሺያን ለመሆን ኮሎራዶ 8,000 ሰዓት በሥራ ላይ መለማመድን ትጠይቃለች፤ አፕረንቲሱ ከመጀመሪያው ቀን ደመወዝተኛ ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ አርቲዲ ሾፌሮቹን የንግድ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጡ እየከፈለ ያሠለጥናል። በዚሁ ፈቃድ የጭነት መኪና መንዳት ለሚያስብ ግን፣ ከጁን 2025 ወዲህ እንግሊዝኛው የማይበቃውን ሾፌር ተቆጣጣሪዎች ከመንገድ ላይ ያወርዳሉ፤ ቋንቋው ቀድሞ መታሰብ አለበት።

ብዙ እህቶቻችን የሚጀምሩት በነርስ ኤይድ ነው። ክፍያው ከካሸር ብዙም ላይርቅ ይችላል፤ ጥቅሙ ወደ ነርስነት የሚያሻግር መሆኑ ነው። በፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ሥልጠናው ሲጀመር ሜዲኬር ወይም ሜዲኬድ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም የቀጠራት ወይም ሊቀጥራት ቃል የገባላት ሠልጣኝ የሥልጠናም የፈተናም ክፍያ አትጠየቅም። ከኪሷ ወይም ከእቁቧ ከፍላ የተማረችም፣ በጨረሰች በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ባለ ቦታ ከተቀጠረች፣ የከፈለችው እየሠራች ቀስ በቀስ ይመለስላታል። ለዚህም ደረሰኙን መያዝና በቅጥር ቃለ መጠይቁ ላይ ጉዳዩን ማንሳት ያስፈልጋታል።