ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ

ህዳር 22 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974) እሁድ ነበር። ከኢንዲያናፖሊስ ተነስቶ በኮሎምበስ በኩል ወደ ዋሽንግተን የሚበረው የአሜሪካው ቲደብሊውኤ አየር መንገድ በረራ 514፣ በከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ነፋሱ ስለበረታ ወደ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲዞር ተደረገ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚሄደው መንገደኛ የሚወርደው እዚያ ነው።

ተቆጣጣሪው ወደ መንደርደሪያ 12 እንዲቀርቡ ፈቀደላቸው። ስለ ከፍታ ግን ምንም አላለም። ዋናው አብራሪ ካርታው ራውንድ ሂል እስከሚባለው ቦታ ድረስ ከ3,400 ጫማ በታች መውረድን እንደማይፈቅድ አስተውሏል፤ ለባልደረቦቹም ተናግሯል። ጥቂት ተወያዩና ፈቃዱ ከተሰጠን መውረድ እንችላለን ማለት ነው ብለው ወደ 1,800 ጫማ መውረዳቸውን ቀጠሉ። ረፋድ 5 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ቦይንግ 727ቱ በደመና የተሸፈነውን ማውንት ዌዘር የተባለ ተራራ መታ። የተሳፈሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

መርማሪዎቹ የድምፅ መቅጃውን ሲያዳምጡ ያገኙት ነገር ግራ የሚያጋባ ነበር። ሰክሮ ወይም ተዘናግቶ የነበረ አብራሪ የለም። አብራሪዎቹ ፈቃዱን የተረዱት በአንድ መንገድ፣ ተቆጣጣሪው በሌላ መንገድ ነው። የምርመራ ቦርዱ አባላት ራሳቸው ጥፋቱ በማን ላይ ይብሳል በሚለው መስማማት አቅቷቸው በድምፅ ተለያዩ።

ትልቁ ግኝት ግን ከስብርባሪው አልተገኘም። ከአደጋው ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያው አቅጣጫ፣ ለዚያው መንደርደሪያ፣ ፈቃዱን በዚያው መንገድ ተረድቶ ወርዷል። ተራራውን ያለፈው ለጥቂት ነው። አብራሪዎቹ ነገሩን አልደበቁም፤ ዩናይትድ በዚያው ዓመት ለጀመረው የውስጥ ሪፖርት ሥርዓት አሳወቁ። ኩባንያውም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ግን የቲደብሊውኤ አብራሪዎች ዘንድ አልደረሰም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ አደጋው አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ የታወቀው ግን ጎረቤት ቤት ነው።

ሕጉ ወዲያው ተስተካከለ። ፈቃድ ያገኘ አብራሪ በካርታው ላይ ወዳለው መስመር እስኪገባ ድረስ የተሰጠውን ከፍታ እንዳይለቅ ተደነገገ። መሬት ሲቀርብ የሚጮኸው መሣሪያም በትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ግዴታ ሆነ። የቀረው ጥያቄ ከባድ ነበር፦ ቀጣዩን ተራራ ማን ይነግረናል?

በሜይ 1975 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስህተታችሁን ንገሩኝ፣ አልቀጣችሁም አለ። አብራሪዎቹ አላመኑትም። ፈቃድ የሚነጥቅ መሥሪያ ቤት ዘንድ ሄዶ ጥፋትን መናዘዝ ማን ይደፍራል? በአውሮፕላን ያልሠራ ሰው እንኳ፣ አለቃው ፊት የቆመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

መፍትሔው የመጣው መቅጣት ከማይችል ወገን ነው። በኤፕሪል 1976 ሪፖርቱን የመቀበሉን ሥራ ናሳ ተረከበ። ናሳ አብራሪን የመቅጣትም ሆነ ፈቃድ የመንጠቅ ሥልጣን የለውም። ሐኪሙ ቻርልስ ቢሊንግስ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። አሠራሩ እንዲታመን ያደረገው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። በቅጹ ላይ የሪፖርት አቅራቢው ስምና አድራሻ የሚጻፍበት ክፍል ለብቻው ይቀደዳል። ልምድ ያላቸው አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ሪፖርቱን ያነባሉ፤ ያልገባቸው ነገር ካለ ይደውላሉ። ከዚያ ቁራጩ የደረሰበት ቀን ማኅተም ተመትቶበት በፖስታ ለባለቤቱ ይመለሳል። ናሳ ዘንድ ታሪኩ ይቀራል፣ ስሙ አይቀርም። ሳያውቅ ሕግ የጣሰ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ከላከ ከቅጣት የሚያድነው ማስረጃ ያ ወረቀት ነው። ወንጀልና አደጋ ግን በዚህ አይሸፈኑም። እስከ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ገብቷል።

ብሪታንያ በ1982 እ.ኤ.አ. የራሷን ሥርዓት አቋቋመች። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 19 አደጋን አስቀድሞ ፈልጎ ማግኘትን ለአባል አገራት ሁሉ የሥራ ደንብ አድርጎታል።

ደንቡ ግን ብቻውን አይበቃም። ኦክቶበር 28 ቀን 2018 ከባሊ ወደ ጃካርታ የበረረው የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በመንገዱ ሁሉ መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋውን የኤሌክትሪክ ሞተር አብራሪዎቹ አጥፍተው ነው የደረሰው። በጥገና መዝገቡ ላይ የፍጥነትና የከፍታ ጠቋሚ ችግር ተጻፈ፤ የመሪው መንቀጥቀጥና የሞተሩ መጥፋት ግን አልተጻፉም። በማግስቱ ያው አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ውስጥ ገባ። ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው በእኛው ማክስ ላይ 157 ሰው አለቀ። የሁለቱ አደጋዎች ዋና ችግር አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረ ሥርዓት ነው። ሆኖም የኢንዶኔዢያ መርማሪዎች ለላየን ኤር አደጋ አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ያንን ያልተጻፈ ነገር ቆጥረውታል።