«ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ»፦ ስያሜ ለተማሪ ትውስታ ያለው ድርሻ

የሳይንስ ስያሜ ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው ፅንሰ ሐሳቡን ከሌሎች ለይቶ ማሳወቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሚታወስበት ጊዜ ፅንሰ ሐሳቡን ሳያዛባ ይዞ መምጣት ነው። ተርጓሚዎች ስለ መጀመሪያው ብዙ ሲጨነቁ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ ጽሑፍ የልብንና የደም ዝውውርን ስያሜዎች በሁለተኛው መስፈርት እንመረምራለን። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በአገራችን በአማርኛ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ የሥነ ሕይወትን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። ይዞት የሚሻገረው የአማርኛው ቃል በአእምሮው የቀረጸውን ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ የተዛባ ከሆነ ፈተና ላይም ተዛብቶ ይገኛል።

ከልብ ደም የሚወስደውን ሥር «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ ደም የሚያመጣውን «ደም መልስ» እንለዋለን። ሁለቱም ስያሜዎች «ደም» ከሚለው ስምና ከትእዛዝ አንቀጽ የተጣመሩ ናቸው። «ቀዳ» የሚለው ግስ ውሃን ከምንጭ ወደ እንስራ፣ ቡናን ከጀበና ወደ ሲኒ ማሳለፍን ያመለክታል። በሁለቱም አገባብ ፈሳሹ ከመነሻው ይርቃል። «መለሰ» በአንጻሩ ወደ መነሻው ማምጣትን ይገልጻል። እንግዲህ መነሻው ልብ መሆኑን የተረዳ ተማሪ የሁለቱን ሥሮች አቅጣጫ ከስማቸው ብቻ ማግኘት ይችላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተማሪ «አርተሪ» ከልብ የሚርቅ መሆኑን ለማስታወስ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል «መራቅ» ከሚለው የቋንቋው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ጋር ያዛምዳል፤ የአማርኛው ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ዘዴ አያሻውም።

የባዕዱ ቃል ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በጥንቱ የግሪክ ቋንቋ የ«አርተሪ» መሠረት የሆነው ቃል የአየር ቧንቧንም ይጠራበት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ኤራሲስትራቶስ እነዚህ ሥሮች የሚይዙት ደምን ሳይሆን አየር መሰል መንፈስን ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በ2ኛው ምዕተ ዓመት ዓ.ም. ጋሌን ደም እንደሚይዙ አሳየ። ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ የሚመለስ መሆኑን ዊልያም ሃርቬይ በመጽሐፍ ያስረዳው በ1628 እ.ኤ.አ. ነው። የአማርኛው ስያሜ ግን ከዝውውሩ ዕውቀት በኋላ የተበጀ በመሆኑ ዑደቱን በውስጡ ይዟል።

ይሁን እንጂ ጥሩ ስያሜ በመጥፎ ፍቺ ይበላሻል። ደም ቅዳን «ኦክሲጅን የበዛበትን ደም የሚወስድ»፣ ደም መልስን «ኦክሲጅን ያነሰበትን ደም የሚያመጣ» ብሎ መፍታት ስሕተት ነው። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ የሚወስደው ኦክሲጅን ያነሰበትን ደም ነው፤ ከሳንባ ወደ ልብ የሚመጡት ደም መልሶች ኦክሲጅን የበዛበትን ያመጣሉ። በእትብት ውስጥም ከእንግዴ ልጅ ወደ ፅንሱ ኦክሲጅን የሚያደርሰው ደም መልሱ ነው። የፈተና ጥያቄ የሚበዛውም በእነዚሁ ላይ ነው። ስለሆነም ፍቺው አቅጣጫን ብቻ ይያዝ፤ የኦክሲጅኑ መጠን እንደ ተጨማሪ መረጃ ይከተል። «የደም ሥር» የሚለው የወል ስም ደግሞ ሁሉንም የሚያጠቃልል ስለሆነ ለደም መልስ ብቻ አቻ አድርጎ መጠቀም አይገባም።

«የተጣራ ደም» እና «ያልተጣራ ደም» የሚሉት የተለመዱ አነጋገሮችም መታረም ይገባቸዋል። ማጣራት የኩላሊት ተግባር ነው፤ ሳንባ ደምን ኦክሲጅን ይሰጠዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንም ይቀበለዋል። «ኦክሲጅን የሌለው ደም» ማለትም አያስኬድም። በዕረፍት ላይ ባለ ጤነኛ ሰው ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሂሞግሎቢን ከሙሉ የመያዝ አቅሙ 75 በመቶ ያህል ኦክሲጅን እንደያዘ ነው። «የበዛበት» እና «ያነሰበት» የሚሉትን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለኦክሲጅን ጉዞ የሚመረጡት ግሶችም ጥንቃቄ ይሻሉ። በደም ውስጥ ካለው ኦክሲጅን በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ቀሪውን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘው ሂሞግሎቢን ይይዘዋል። አንድ የሂሞግሎቢን ሞለኪውል 4 የብረት አቶሞች አሉት፤ እያንዳንዱም አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ይይዛል። ይህን «ብረቱ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሐደ» ብሎ መተርጎም አንባቢውን ወደ ዝገት ይመራዋል፤ የዛገ ብረት ግን ኦክሲጅኑን በቀላሉ አይመልስም። ሂሞግሎቢን በሳንባ የያዘውን በሕብረ ሕዋሳት ዘንድ ይለቃል። «ያዘ» እና «ለቀቀ» የሚሉት ጥንድ ግሶች ይህን ተመላላሽነት በትክክል ይገልጹታል።

በመጨረሻ ወደ ልብ ክፍሎች እንመለስ። የላይኞቹ ክፍሎች የላቲን ስም የቤትን አዳራሽ፣ የታችኞቹ ደግሞ ትንሽ ሆድን ያመለክታል። እነዚህን ቃል በቃል መተርጎም ተማሪውን አይረዳም። እኛ ከተግባራቸው ተነሥተን «ተቀባይ ክፍል» እና «ገፊ ክፍል» ማለትን እንመርጣለን። ያን ጊዜ የዝውውሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ይነበባል፦ ቀኝ ተቀባይ፣ ቀኝ ገፊ፣ ሳንባ፣ ግራ ተቀባይ፣ ግራ ገፊ፣ መላ አካል፤ ከዚያም ዳግመኛ ቀኝ ተቀባይ። በቀኙ ተቀባይና ገፊ መካከል ያለው ቫልቭ ባለ 3 ክፋይ፣ በግራው ያለው ባለ 2 ክፋይ ነው፤ ደም ከመላ አካል ሲመለስ ቀድሞ የሚያልፈው በ3ቱ፣ ቀጥሎ በ2ቱ ስለሆነ «ከ3 ወደ 2» ብሎ መያዝ ይበቃል።

ተርጓሚ አንድን ቃል ከመወሰኑ በፊት፣ ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ ስያሜውን ብቻ ቢያስታውስ ምን ይረዳ ይሆን ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ከስያሜው የሚረዳው ነገር እውነት ከሆነ፣ ቋንቋው ሲለወጥም ዕውቀቱ አብሮት ይሻገራል።