ከምደባ በኋላ የትምህርት መስክ መቀየር የሚያስከትለው ጉዳይ

እንጅባራ፦ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በ2010 ዓ.ም ማስተማር የጀመረውን እንጅባራ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎች ከ2012 ዓ.ም ወዲህ በቅድሚያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። ትምህርት ክፍል የሚመደቡት ከዚያ በኋላ በምርጫቸው፣ በውጤታቸውና በክፍሉ የመቀበል አቅም መሠረት ነው።

ቀደም ሲል ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በተሠራበት የ70/30 ምጣኔ ወቅት፣ ተማሪው ግቢ ከመድረሱ በፊት በተለምዶ «ባንድ» የሚባለው ዘርፍ ተወስኖ ይጠብቀው ነበር። ምርጫው ዘግየት ማለቱ ችግሩን ቢያቃልልም ጨርሶ አላስቀረውም።

ከምደባ በኋላ መስክ ለመቀየር የሚቀርብ ማመልከቻ የሚታየው በተቀባዩ ክፍል ቦታ መኖሩና የተማሪው ውጤት ተመዝኖ ነው። ከባዱ ግን ፈቃድ ማግኘቱ አይደለም። የተወሰዱ ኮርሶች የሚያዙት ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጋር አቻ ሲሆኑ በመሆኑ፣ ከአካውንቲንግ ወደ ማኔጅመንት የሚዛወር ተማሪ በርካታ ኮርሶች ሲተርፉለት፣ 5 ዓመት ወደሚፈጀው ሕግ የሚሻገረው ከመነሻው ሊጀምር ይችላል። የተጨመረው ዓመት በወጪ መጋራት ዕዳው ላይ ይደመራል፤ ዕዳው ከደመወዝ እንደሚቆረጥ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ከራሱ የደመወዝ መክፈያ ያውቀዋል።

በእንጅባራና በዳንግላ መሥሪያ ቤቶች እየሠሩ በተከታታይ ትምህርት ለሚማሩ ሠራተኞች ጉዳዩ በሌላ በኩል ይመጣል። የሥራ መደቡ ተፈላጊ ችሎታ ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን መስኩንም ስለሚጠይቅ፣ ለመማር የቀለለው ትምህርት ለደረጃ ዕድገት ላያገለግል ይችላል። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የመውጫ ፈተናም የሚሰጠው ተማሪው በተዛወረበት መስክ ሲሆን፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።