ከሰል፣ ጭቃና አለላ፦ በጎጃም ደጋ ቤቶች የሕፃናት የጥበብ ሥራ

ደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያሉት የጎጃም ደጋ ወረዳዎች፣ በተለይም ወደ ጮቄ ተራራ የሚጠጉት፣ የዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ የሚያገኙት ከሰኔ እስከ መስከረም በመሆኑ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ ገና ለእረኝነት ያልደረሱ፣ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት የቀኑን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት በቤት ውስጥ፣ ከእናት፣ ከአያት ወይም ከታላላቆቻቸው ጋር ነው። ይህ ጊዜ በከተማው በስልክና በቴሌቪዥን፣ በገጠሩም «አርፈህ ተቀመጥ» በሚል ቁጣ ብቻ ካለፈ ብዙ ነገር ይባክናል፤ ሕፃን ልጅ ያሰበውን በእጁ የሚሞክርበት፣ በእጁ ከሞከረውም መልሶ የሚያስብበት ዕድሜ ይኸው ነውና። ለልጆች የጥበብ ሥራ ሲባል ብዙ ወላጅ አስቀድሞ የሚያስበው ከሱቅ የሚገዛውን የቀለም እርሳስና የሥዕል ደብተር ቢሆንም፣ በአንድ የጎጃም ቤት በምድጃው ዙሪያ፣ በጓዳውና በደጁ የሚገኘው ነገር ለዚህ ዕድሜ ከበቂ በላይ ስለሆነ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ችግር የአዋቂው ፈቃድና ትዕግሥት ማነስ ነው።

ሥዕልን ለመጀመር ቀዝቅዞ የቆየ የከሰል ስባሪና የካርቶን ቁራጭ፣ ወይም ዘመኑ ያለፈበት የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ይበቃል። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ የሚያወጣው ምንም የማይመስል የመስመር ውዥንብር ቢሆንም፣ ትልቅ ሥራ የያዘ ውዥንብር ነው። በአሜሪካ የሕፃናት መምህርት የነበረችውና ከልዩ ልዩ አገሮች እጅግ ብዙ የሕፃናት ሥዕሎችን የሰበሰበችው ሮዳ ኬሎግ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ የልጆች የመጀመሪያ ጭረቶች በ20 መሠረታዊ ዓይነቶች ሊመደቡ እንደሚችሉ አሳይታለች። ልጁ እያደገ ሲሄድ ክቡን መዝጋት ይችላል፤ ከዚያም በክቡ ውስጥ ዓይን ያደርግና ከሥሩ ሁለት እግር ይሰድለታል፤ ደረትም ሆድም የሌለው፣ ራስና እግር ብቻ የሆነው ይህ ሰው በብዙ አገር ሕፃናት ሥዕል ውስጥ ይገኛል። ቪክቶር ሎወንፌልድ የተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው መጽሐፉ የጭረቱን ዘመን ከሁለት እስከ አራት ዓመት፣ ሰውንና ቤትን በራስ መንገድ የማሳያውን ዘመን ደግሞ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይመድበዋል። እንግዲህ «ሰው እንዲህ አይደለም» ብሎ ከልጁ እጅ ከሰሉን ነጥቆ ማስተካከል ልጁ በራሱ ጊዜ የሚደርስበትን ደረጃ ማሰናከል እንጂ ማስተማር ሊባል አይችልም።

ቀለምም ከጓዳ አይጠፋም። በውኃ የተበጠበጠ እርድ ብሩህ ቢጫ ይሰጣል፤ በዚያው ላይ ጥቂት የሳሙና ውኃ ጠብ ሲደረግበት ወደ ቀይ ቡናማ መለወጡ ልጆችን ደጋግሞ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ቀይ ሥር ተቀቅሎ የሚተርፈው ውኃ ቀዩን፣ የቡና አተላ ቡናማውን፣ የተፈጨ ከሰል ጥቁሩን ይሞላል። ለብሩሽ የሚሆነው ደግሞ ሁሉም ቤት የሚያውቀው መፋቂያ ነው፤ ጫፉ ተቀጥቅጦ ወይም ታኝኮ ጭራ ጭራ ሲል ቀለም ይይዛል፣ በትንሽ እጅም ይመቻል። ይህ ለአካባቢው እንግዳ ጥበብ አይደለም፤ እንደ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማዕከሎች በሚገኙበት በዚህ አገር፣ ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና አርሮ ከተቆላ እህል እየቀመሙ፣ ብዕራቸውን ከመቃ እየቀረጹ በብራና ላይ ሲጽፉ ኖረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጭቃ ነው። የውጭ አገር የልጆች መጻሕፍት ለዚህ ዕድሜ አዘውትረው የሚመክሩት በዱቄትና በጨው የተለወሰ ሊጥ ቢሆንም፣ እህል በሚከበርበት፣ የወደቀ ቁራሽ እንኳ ከመሬት ተነሥቶ በሚሳምበት ቤት ሊጥን መጫወቻ ማድረግ ለልጁ የተሳሳተ ነገር ማስተማር ስለሚሆን፣ ከደጅ የሚዛቀው አፈር ይሻላል። ጥቁሩ ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀይ አፈር ሲቀላቀልበትና እንደ ቤት ምርጊት ሁሉ ደቀቅ ያለ ጭድ ሲገባበት ግን ይጠነክራል። ጭቃው በእጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ በደንብ ከታሸ በኋላ ልጁ መጀመሪያ ያድበለብለዋል፣ ቀጥሎ በመዳፉና በመደቡ መካከል እያሽከረከረ ገመድ ያስመስለዋል፣ ከዚያም ሁለቱን አገጣጥሞ በሬ ያወጣል። የአምስት ዓመት የገበሬ ልጅ የሚሠራው በሬ ሻኛው ከራሱ ሊበልጥ ይችላል፤ ቀንዱ የእንጨት ስንጥር ነው፤ ሁለቱን በሬዎች በቀንበር ለመጥመድ ሲፈልግም የሁለቱን ቁመት ማስተካከል እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። በዚህ ሥራ ልጁ ብዛትን፣ ርዝመትንና ሚዛንን በእጁ ይማራል፤ በኋላ እርሳስ የሚጨብጡት የጣት ጡንቻዎችም ይጠነክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1837 በጀርመን የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት የከፈተው ፍሪድሪክ ፍሮበል ጭቃ መሥራትን፣ ወረቀት ማጠፍንና ሽመናን የሕፃናት ዋና ሥራ ያደረገው በዚሁ እምነት ነበር። የጎጃም እረኛ ልጆች የጭቃ ከብት ማበጀትን ከማንም ሳይሆን ከታላላቆቻቸው ተምረውታል።

ስፌት በሚሰፋበት ቤት ደግሞ ሌላ ሀብት አለ። እናት ወይም አያት ሰፌድና ሞሰብ ስትሰፋ የሚተርፈው የአለላ ቁራጭ፣ ማለትም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሐምራዊ የተነከረው ስንደዶ፣ ለልጅ እንደ ልብ የሚደረደር ጌጥ ነው። ወስፌው በትንሽ ልጅ እጅ ሊገባ አይገባም፤ ነገር ግን ቁራጮቹን በቀለም መለየት፣ «ሁለት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ» እያሉ መደርደርና መድገም፣ ቀጥሎም በካርቶን ላይ መለጠፍ በአራት ዓመት የሚቻል ሥራ ነው። ማጣበቂያውም አንድ ማንኪያ ዱቄት በውኃ በጥብጦ እሳት ላይ እስኪወፍር በማማሰል ይገኛል።

የአካባቢው የዓመት በዓላት ራሳቸው ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ነሐሴ 13 ለሚከበረው ቡሄ ወንዶች ልጆች ከልጥና ከቃጫ ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ታናናሾቹ የጅራፉን ጩኸት ባይደርሱበትም ሦስት ዘለላ እያፈራረቁ መጎንጎንን ከታላላቆቻቸው ጎን ተቀምጠው ሊለምዱ ይችላሉ። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ወንዶች ልጆች የአበባ፣ የፀሐይና የመልአክ ሥዕል በወረቀት ሠርተው ለጎረቤትና ለዘመድ ያበረክቱ ነበር። ዛሬ በየከተማው የታተመ ሥዕል ገዝቶ ማደል መለመዱ እጅግ ያሳዝናል፤ በምላሹ ሳንቲም የሚሰጠው ለልጁ ድካም ነበርና፣ የተገዛ ወረቀት ያንን ድካም ሊተካ አይችልም።

ተረትም በእጅ ሊሠራ ይችላል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ተረትን ከፊታቸው ገጽታና ከድምፃቸው ጋር አዋሕደው ለልጆች አቅርበዋል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት ደግሞ በእጅ በሚንቀሳቀስ የቀጭኔ አሻንጉሊት ሕፃናትን ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል። ያረጀ ካልሲ በእጅ ላይ ተጠልቆ በከሰል ዓይን ሲሣልለት ጅብ ወይም ጦጣ ይሆናል፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቁራጭ ጨርቅ ሲለብስ ሙሽራ ይሆናል። በሰው ፊት መናገር የሚያፍር ልጅ በጅቡ አፍ ሲናገር ድምፁ ይከፈታል።

ጥንቃቄው ጥቂት ቢሆንም የማይታለፍ ነው። በየጓሮው የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ዥጉርጉርና የሚያምር በመሆኑ ልጆች ለጌጥ ሊለቅሙት ይችላሉ፤ ፍሬው ግን ሪሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ ስላለበት፣ አስተናግርም እንዲሁ መርዛማ ስለሆነ፣ ሁለቱም ከልጅ እጅ መራቅ አለባቸው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባቄላ፣ ሽንብራና ቁልፍ ጉሮሮ ሊዘጉ ይችላሉ። የባትሪ ድንጋይ ተሰብሮ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ቀለም ሊሆን አይገባም፤ የሲሚንቶ ከረጢትም ብናኙ ዓይንና ሳንባ ስለሚጎዳ ለሥዕል አይሆንም። ጭቃው ከከብት በረትና ከመጸዳጃ ርቆ መዛቅ፣ እጅም በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታንና በጥበብ ሕይወት መሳተፍን የልጅ መብት ያደርጋቸዋል፤ ይህ መብት በመጀመሪያ የሚከበረው ወይም የሚታጣው በቤት ነው። ስለዚህ ወላጆች በዚህ ክረምት በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ከሰሉን፣ ጭቃውንና አለላውን ለልጆቻቸው ይፍቀዱ፤ ልጁ ሥራውን ይዞ ሲመጣ «ምን ይመስላል ይሄ?» ከማለት ይልቅ «እስቲ ንገረኝ» ይበሉት፤ በሥዕሉ ጀርባም ስሙንና ቀኑን ጽፈው በግድግዳ ላይ ይስቀሉለት። መስከረም ላይ ልጁ ዜሮ ክፍል ሲገባም እነዚያን ሥዕሎች ለመምህሩ ያሳዩ።